ሁለት ጦር ከአንድ ሞልድ

ዛሬ ከሰሞኑ አጀንዳ ትንሽ ዞር እንበልና ስለ መጫወቻ እናውራ። «አሁን በዚህ ሰዓት ስለ መጫወቻ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሡኝ። በመጫወቻ ጀምሬ የምጨርሰው በየቀኑ ስልካችን ላይ በምናየው ነገር ነው፤ ወገንና ጠላት በሚባለው ነገር።

በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ሥራና ትዳር ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ትልልቅ ሰዎች ማታ ማታ መብራታቸውን አስጠግተው፣ አጉሊ መነጽር አድርገው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ወታደር ቀለም ይቀባሉ። ወታደሩ የዛሬ ወታደር አይደለም። ከ38,000 ዓመት በኋላ ይመጣል የተባለ፣ በከዋክብት መካከል የሚዋጋ የልብ ወለድ ወታደር ነው። ታንክ አለው፣ የሚበር መርከብ አለው፣ ሕንፃ የሚያህል ሮቦት አለው። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ሲደርስ ባለቤታቸው በሻንጣ ይዟቸው ይሄድና ከሌላ ሰው ሠራዊት ጋር በዳይና በሜትር ያጋጥማቸዋል።

የጨዋታው ስም ዋርሃመር 40,000 ነው። ሪክ ፕሪስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 በለንደን በሦስት ጓደኛሞች የተቋቋመ ድርጅት ነው። መጀመሪያ ይሠሩ የነበረው የእንጨት ሰሌዳ ነበር፤ ከሠሯቸው ሰሌዳዎች አንዱ የእኛ ገበጣ የሚመደብበት የማንካላ ሰሌዳ መሆኑን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። በታኅሣሥ ወር 2024 በለንደን የአክሲዮን ገበያ የ100ዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ከባንኮችና ከነዳጅ ኩባንያዎች ጎን ተሰልፏል። በሰኔ 2024 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ያስገባው ገቢ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ስለዚህ «የሥራ ፈቶች ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እኔን የሳበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የሳበኝ አንድ የፋብሪካ ችግር ነው።

◾ በጀት የወለደው የእርስ በርስ ጦርነት

እ.ኤ.አ. በ1988 ድርጅቱ አዴፕተስ ታይታኒከስ የሚባል አዲስ ጨዋታ ለማውጣት ተነሣ። ተዋጊዎቹ ታይታን የሚባሉ ግዙፍ የጦር ሮቦቶች ናቸው፤ በታሪኩ ከተማ የሚያፈርሱ፣ በጠረጴዛው ላይ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ። እንዲህ ያለ ነገር በፕላስቲክ ለመሥራት መጀመሪያ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበት የብረት ቅርጽ መቀረጽ አለበት። የፋብሪካ ሰዎች ሞልድ የሚሉት ነው። ሞልድ ውድ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ግን ያንኑ ዕቃ ሺህ ጊዜ ይተፋል።

የነበረው በጀት ለአንድ ሞልድ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ጦርነት ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሁለት ዓይነት ሮቦት መሥራት ካልተቻለ፣ ሁለቱም ወገን ያንኑ ሮቦት ይዞ መሰለፍ ሊኖርበት ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ሥልጠና፣ አንድ ዓይነት ዓርማ ያላቸው ሰዎች ለምን ይዋጋሉ? የጨዋታው አዘጋጅ ጄርቪስ ጆንሰንና ባልደረቦቹ ያገኙት መልስ ቀላል ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነት ነዋ!

እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ፣ የሆረስ ክህደት የሚባለው ታሪክ። የንጉሠ ነገሥቱ ተወዳጅ የጦር አዛዥ ሆረስ ያምፃል፤ ኋላ ላይ በዳበረው ታሪክ 18ቱ የጦር ክፍሎች 9 ለ9 ይከፈላሉ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ይተኩሳል። በአንድ ሞልድ ምክንያት የተፈጠረው ይህ ሐሳብ ከ2006 ጀምሮ ከ50 በላይ ልብ ወለዶች ወጥተውለታል፤ የዚህ ዓለም አንባቢዎች እንደ ታላቅ አሳዛኝ ታሪክ ያዩታል። ከታሪኩ በስተጀርባ ያለው ግን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ለሁለተኛው ገንዘብ የለም» ማለቱን የሚመስል ነገር ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት የሚገኙት ታይታኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ታማኙን ከከሃዲው የሚለየው ምንድን ነው? ገዢው ቤቱ ወስዶ የሚቀባቸው ቀለም። ሌላ ምንም።

የሆረስ የራሱ ጦር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያ ትጥቃቸው ነጭ ነበር። አለቃቸው ሲሾም ስማቸውን ቀይረው አረንጓዴ ተቀቡ። ጦርነቱን ከተሸነፉ በኋላ ደግሞ ጥቁር ሆኑ። ያው ጦር፣ ያው ትጥቅ፤ ሦስት ቀለም፣ ሦስት ስም። ይህን ስታነቡ የሆነ የምታውቁት ነገር ትዝ ካላችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ስለ እርስ በርስ ጦርነት ብዙ የተጻፈ አንብበናል። እንደ እኔ እምነት ግን ከዚህ የበጀት ታሪክ በላይ ነገሩን በአጭሩ የሚያስቀምጥ ጥቂት ነው። ሁለቱም ከአንድ ሞልድ የወጡ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ቀቢው ነው።

◾ እጅ የሚያውቀው ነገር

አንድ ነገር በቀለም ብቻ ይለያል ማለት ግን ቀለም ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። እስቲ ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው።

ወታደሩም ታንኩም ከፋብሪካ የሚመጡት ተበታትነው ነው፤ ክፍሎቻቸው እንደ መስኮት ፍርግርግ ባለ የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ተያይዘው። እየተቆረጡ ይለቀማሉ። የሞልዱ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር በስለት ይፋቃል። በሙጫ ይገጣጠማሉ፤ ክፍተት ከቀረ ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ ላሜራ በስቱኮ እንደሚሞላው ይሞላል። ከዚያ የመጀመሪያው ልባስ ይረጫል፤ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ነጭ። ያለ እሱ የሚቀጥለው ቀለም ፕላስቲኩን በደንብ አይዝም።

ቀለሙ በውሃ ይቀጥናል። ቤት ያስቀባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ከአንድ ወፍራም እጅ ሁለት ስስ እጅ ይሻላል። ቀለም ከወፈረ የወታደሩ ፊት ይደፈናል፤ አፍና አፍንጫው ጠፍቶ ሊጥ ይመስላል። ስሱ ቀለም ሲደርቅ፣ ከእሱም በጣም የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ይለቀቅበታል፤ ፈሳሹ ራሱ ወደ ስንጥቁና ወደ እጥፋቱ ወርዶ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ብሩሹ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ይጠረግና ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ከላይ ከላይ ይዳበሳል። የሚይዙት ጠርዞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብርሃን ይሆናሉ። ጥላና ብርሃን ሲገናኙ ፕላስቲክ የነበረው ነገር ሰው መምሰል ይጀምራል።

ዕቃው ባነሰ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። ከታይታኖቹ ጋር የሚሰለፍ እግረኛ ወታደር የስንዴ ፍሬ ቢያህል ነው፤ ታንኩም ከጥፍር ብዙ አይበልጥም። ትልቅ ታንክ ላይ የሚያምር ጥቁር አረንጓዴ እዚህ ላይ ሲቀባ ድንጋይ ይመስላል፤ ትንሽ ነገር ለዓይን ይጨልማልና። ስለዚህ ቀቢው ቀለሙን ያነጣል፣ ጥላውን ያጋንናል። እውነት እንዲመስል ከእውነቱ ትንሽ ይርቃል።

ታንክ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል፤ ማስረጀት። ንጹሕ ታንክ ውሸት ይመስላል። የስፖንጅ ቁራጭ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተነክሮ ጠርዙ ላይ መታ መታ ሲደረግ ቀለሙ የተፋቀ ይመስላል። ጥቂት ብርቱካናማ ዝገት ይሆናል። ሰንሰለቱ ላይ ጭቃ፣ ጭስ ማውጫው ዙሪያ ጥቀርሻ ይደረጋል። ይህን ለማድረግ ግን ማሰብ ይጠይቃል። ይህ ታንክ የት ሰነበተ? ጭቃው ቀይ ነው ጥቁር? ወታደሮቹ ሲወጡና ሲገቡ የሚረግጡት የት ጋር ነው? ቀለሙ ቀድሞ የሚፋቀው እዚያ ነዋ። ቀቢው ታንክ እየሠራሁ ነው ሲል ሳያስበው ታንኩ ላይ ስለሚወጡት ሰዎች እያሰበ ነው።

ውድ ነው? አዎ፣ ዛሬ ውድ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድርጅቱ መጽሔት ዋይት ድዋርፍ ለአንባቢዎቹ ያስተምር ከነበረው አንዱ፣ ባዶ የዲዮድራንት ዕቃ እንዴት ተንሳፋፊ ታንክ እንደሚሆን ነበር። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተን ያደግን ሰዎች ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይሆንም።

◾ ጎራ ከመቼ ጀምሮ ቀለም ሆነ?

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ ማስኬድ የቆየ ነገር ነው። የእኛ ሰንጠረዥ አንዱ ምስክር ነው። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው አንድ ነገር አለው፤ ወረራ የሚባለው መጀመሪያው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ጦርነት ሲጀመር ተራ የሚጠብቅ እንደሌለ ያወቀ ሰው ያወጣው ሕግ ይመስላል።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1812 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ሰው አንድ የጦርነት ጨዋታ ለንጉሡ አቀረበ፤ በ1824 መኮንኑ ልጁ አሻሽሎ አሳተመው፤ የፕሩሲያ ጦርም ለመኮንኖች ሥልጠና ተጠቀመበት። ካርታ ላይ የሚንቀሳቀሱት የጦር ክፍሎች ትንንሽ ጠፍጣፋ ቁራጮች ነበሩ። አንዱ ወገን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። ዛሬም ወታደሮች በልምምድ ላይ ቀይ ኃይል፣ ሰማያዊ ኃይል ይላሉ። ከ200 ዓመት በፊት በእርሳስ ላይ የተቀባ ቀለም ዛሬም ስልካችን ላይ በሚመጣው የጦር ካርታ ላይ አለ።

እኛም የራሳችን መንገድ አለን። በባህላዊው ሥዕል ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የአድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ይከተላሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹ በአንድ። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም።

አድዋን ከወንድማማቾች ጦርነት ጋር እያመሳሰልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ባሕር አቋርጦ የመጣን ወራሪ በአንድ ዓይን መሣል የተወረረ ሕዝብ መብቱ ነው። ጭንቀቴ ያንኑ ብሩሽ ለጎረቤታችን የምናነሣ ቀን ነው።

◾ መጫወቻ ሰው አያደርግም

እዚህ ላይ «እንግዲያው እነዚህን ወታደሮች መቀባት ሰላማዊ ሰው ያደርጋል ልትለን ነው?» ብትሉኝ መልሴ አይደለም ነው። ሁለት ማስረጃ ላቅርብ።

የመጀመሪያው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ አባት ከሚባሉት አንዱ። በ1903 በየብስ ላይ የሚሄዱ የብረት ምሽጎችን በምናቡ ጻፈ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1916፣ እውነተኛ ታንኮች በሶም ጦርነት ላይ ታዩ። ዋርሃመር ውስጥ ያለው ታዋቂ ታንክ ላንድ ሬይደርም ሰንሰለቱ ጎኑን ዞሮ የሚጠመጠም፣ የዚያን ዘመን ታንክ የሚመስል ነው፤ የ41ኛው ሺህ ዓመት ታንክ በ1916 ቅርጽ። ይህ ዌልስ በ1913 ሊትል ዋርስ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ የልጆች ወታደሮችንና በሞላ የሚተኩስ ትንሽ መድፍ ይዞ ወለል ላይ ተንበርክኮ መዋጋትን የሚያስተምር። መጽሐፉን የሚጨርሰው ጦርነት ናፋቂ ነገሥታትንና አገር ወዳድ ነን ባዮችን በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሰብስበን መጫወቻ እንስጣቸውና እኛን በሰላም ይተዉን በሚል ሐሳብ ነው። ግሩም ሐሳብ ነበር። በዓመቱ፣ በ1914፣ እውነተኛው ጦርነት ሲመጣ ያው ሰውዬ ጦርነትን ለዘለዓለም የሚያስቀር ጦርነት ነው ብሎ ደግፎ ጻፈ።

ሁለተኛው ማስረጃ የራሱ የዋርሃመር ነው። በጨዋታው ዓለም የሰው ልጅ የሚኖርበት መንግሥት ኢምፔሪየም ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ለ10,000 ዓመት ዙፋኑ ላይ በድን ሆኖ ተቀምጧል፤ እሱን ለማቆየት በየቀኑ 1,000 ሰው ይሰዋል። መጠየቅ ክህደት ነው፤ ጥላቻ ምግባር ነው። ሲጻፍ ስላቅ ነበር፤ አምባገነንነት እስከ መጨረሻው ቢሄድ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ። ግን ስላቁን ለእውነት የሚወስድ አይጠፋም። በ2021 በስፔን በተካሄደ ውድድር ላይ አንድ ተጫዋች የናዚ ምልክት ለብሶ መጣና ጭቅጭቅ ተነሣ። ድርጅቱ በኅዳር ወር ባወጣው መግለጫ ኢምፔሪየም አርአያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ መሆኑን፣ የጥላቻ ቡድን ምልክት ለብሶ የሚመጣ ሰውም በዝግጅቶቹ ላይ ቦታ እንደሌለው በግልጽ አስታወቀ።

ስለዚህ ብሩሽ ማንንም አያድንም። ይህን የምለው መጫወቻውን ለማጣጣል ሳይሆን ልኩን ለማስያዝ ነው። ሰውየው ይዞ የመጣው ጥላቻ ካለ ጠረጴዛው አያጥብለትም።

◾ ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

እኔ የምለው ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች «እየተጫወቱ» ያሉት ጦርነት፣ እኛ «እየተከታተልን» ካለነው ጦርነት በአንዳንድ ነገር የበለጠ ኃላፊነት አለበት።

በእነሱ ጠረጴዛ ተጋጣሚው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ሲጨርሱ ይጨባበጣሉ። ሕጉ ታትሟል፤ ለሁለቱም አንድ ነው። ወታደር ሲሞት በእጅ ተነሥቶ ከጠረጴዛው ይወጣል፤ ያነሣው ሰው ያንን ፊት ስንት ማታ እንደለፋበት ያውቃል።

በእኛ በኩልስ? ስለ ዩክሬንም ይሁን ስለ ሱዳን፣ ስለ ራሳችን ምድርም ይሁን፣ ማለዳ ተነሥተን የምናየው በሁለት ቀለም የተቀባ ካርታ ነው። ቀዩ ሰፋ፣ ሰማያዊው ጠበበ። «ተያዘ»፣ «ተለቀቀ»፣ «ተደመሰሰ»። ከቀለሙ ሥር ትምህርት ቤት አለ፣ ገበያ አለ፣ ልጇን የምትፈልግ እናት አለች። ካርታው ላይ ግን ዓይን ያለው ሰው የለም። አንድ ዓይን እንኳ የለውም። እኛም ተጋጣሚያችንን ሳናይ፣ ሕግ ሳይኖረን፣ ሟቹን ሳናነሣ፣ በአውራ ጣታችን ሼር እናደርጋለን። ከዚያ የፕላስቲክ ወታደር በሚቀባው ሰው እንስቃለን። ትልቅ ሰው ሆኖ ይጫወታል እንላለን።

ልብ በሉ፣ ወገን መያዝ አይገባም አላልኩም። ግፍ ሲፈጸም ገለልተኛ መሆን ራሱ ወገን መያዝ ነው። የምለው ወገን የሚይዝ ሰው ቀለሙ ከየት እንደመጣ ይወቅ ነው። ማን ቀባው? መቼ? ከዚህ በፊት ምን ቀለም ነበር? ሥሩ ያለው ሞልድስ የማን ነው? ካርታ ወይም ስም ማጥፊያ ቃል ወደ ሌላው ከማስተላለፋችን በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ብንጠይቅ አንዲት ደቂቃ አይፈጅም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ልጃችሁ ወታደር ወይም ታንክ ከወደደ አትከልክሉት፤ አትደንግጡም። የሠራዊቱን ሳጥን መግዛት ካልቻላችሁ ርካሹ የፕላስቲክ ወታደር ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ቀለምና አንድ ቀጭን ብሩሽ ግዙለት። ሁለቱንም ጦር እሱ ራሱ ይቀባ። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ዓይን ነው፤ የብሩሽ ጫፍ የማይታይ ነጭ ሠርቶ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ማሳረፍ አለበት። ጠላት ያለውን ጦር ሲጀምር ሊሰለች፣ በአንድ ዓይን ሊያልፈው ይፈልግ ይሆናል። ያኔ አጠገቡ ተቀመጡና ሁለተኛውንም እንዲቀባው አድርጉት።